ያረጀ የሱፍ ምንጣፍ ልገዛ ነው፤ የእጅ ሥራ መሆኑን በምን ልለይ?

የሽምብጧ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ሽምብጥ ነው የምኖረው፣ ከሐይቁ ብዙም አልርቅም። አገር የሚለቅ የውጭ ሰው የቤት ዕቃ ሲሸጥ አንድ ምንጣፍ አየሁ። ቀዩ ወደ ጥቁርነት ያደላ፣ ስምንት ማዕዘን ጌጥ በረድፍ በረድፍ ያለበት። «የቱርክመን፣ የመካከለኛው እስያ ሰዎች ሥራ ነው፣ መቶ ዓመት አልፎታል» ይላል። ዋጋው አይቀመስም። ባለቤቴ «በዚህ ብር ሶፋ አንገዛም?» ይለኛል። እኔ ግን ዓይኔ እዚያው ቀርቷል። የክረምቱ እርጥበትስ አይጨርሰውም?

ድርና ማግ፦
እህቴ፣ መቶ ዓመቱን ለጊዜው ተይው። የሻጭ አፍ ላይ መቶ ዓመት ቀላል ነው። ንድፉም ብቻውን አያስተማምንም፤ የቱርክመኖቹን ስምንት ማዕዘን አስመስሎ ፓኪስታን ውስጥ የተሠራ አዲስ ምንጣፍ ሞልቷል።
ገልብጪና ጀርባውን እዪው። በእጅ የተቋጠረ ከሆነ ንድፉ ከጀርባም ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ቋጠሮዎቹም ትንሽ ትንሽ ይዛነፋሉ። ጀርባው በሙጫ የተለጠፈ ጨርቅ ከሆነ እዚያው ተሰናበቺው። ዘርፉንም ያዝ አድርጊ። በእጅ ሥራ ላይ ዘርፉ ራሱ የድሩ ጫፍ ነው፤ በስፌት የተቀጠለ ከሆነ ጠርጥሪ።
ቀዩ አንዱ ጋ ደመቅ፣ ሌላው ጋ ፈዘዝ ቢል አትደንግጪ። ክሩ በትንሽ በትንሹ ስለሚነከር ነው። እኔማ የምወደው እሱን ነው። በረጠበ ነጭ ጨርቅ ስትፈትጊው ቀለም ከለቀቀ ግን ዋጋውን አስወርጂ።
በመጨረሻ ክር አቃጥዪ። ሱፍ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ይፈርሳል። ሰው ሠራሹ ቀልጦ ይጠጥራል።

የሽምብጧ፦
ሰውየው ፊት ምንጣፉን ላቃጥልበት?

ድርና ማግ፦
ሃሃ፣ ከምንጣፉ ፊት የረገፈች አንዲት ክር ትበቃለች። አስፈቅደሽ!

የጉና ልጅ፦
እርጥበቱን ለእኔ ተዉልኝ፣ እኛ ቤት የእናቴ ባና አለ። ከእርጥበቱ በላይ ብልን ፍሪ። ሱፉን የሚበላው የምትበረው ሳትሆን ትሏ ናት። ሶፋ ሥር፣ ቁም ሳጥን ጀርባ፣ መጥረጊያ የማይደርስበት ጨለማ ትወዳለች። ስለዚህ ዕቃ እያነሳሽ ጥረጊ። ባዶ ሲሚንቶ ላይም አታንጥፊው። ዝናቡ ሲያባራ ጀርባውን ወደ ፀሐይ አድርገሽ አስጪውና በደንብ አራግፊው። በረኪና እንዳይነካው፣ ሱፍ ያሟሟል። ሙቅ ውሃም ያኮማትረዋል።

አላፊ አግዳሚ፦
ሶፋው ይሻላል።

የሽምብጧ፦
አንተ ደግሞ ከባለቤቴ ወገን ነህ! ነገ ሄጄ እገለብጠዋለሁ። ባለቤቴንም ይዤው ነው የምሄደው፣ ተሸካሚ ያስፈልገኛል።