ለልጆቻችን የቤት ዕቁብ

«ልጄ ገንዘብ ከካርድ የሚፈልቅ ይመስለዋል፣ ምን ላድርግ?» ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ አይዞሽ፣ ብቻሽን አይደለሽም። የኔም ልጅ «ብር የለኝም» ስለው «ካርድሽን ስጫቸው» ይለኝ ነበር። እኛ አገር ቤት ሱቅ ስንላክ ብሩን ቆጥረን ይዘን፣ መልሱን ቆጥረን አስረክበን ነው ያደግነው። እዚህ ግን ልጆቹ ብር ሲቆጠር አያዩም።

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ 9 ዓመቱ ላይ ለእንቁጣጣሽ ዘመድ የሰጠውን 20 ዶላር ይዞ ሱቅ ሄድን። 19 ዶላር ከ99 ሳንቲም የተለጠፈበት መጫወቻ መረጠ። ካሸሯ ጋ ሲደርስ 21 ዶላር ከ19 ሆነ። 6 በመቶው የሽያጭ ታክስ ዕቃው ላይ አይጻፍም፣ ሲከፈል ነው የሚደመረው። ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ አንጀቴን በላው፤ እጄ ወደ ቦርሳዬ ሄዶ ነበር። ግን ቻል አደረግኩት። መጫወቻውን ራሱ ወስዶ መደርደሪያው ላይ መለሰው። ዛሬ ዕቃ ሲያነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከነታክሱ ስንት ነው?» ብሎ ነው።

ከሁሉ የጠቀመን ግን ዕቁብ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆችና አክስታቸው፣ አምስት ሰው ነን። እሁድ ቡና ከጠጣን በኋላ እያንዳንዳችን 5 ዶላር እንጥላለን። ልጆቹ የሚጥሉት በሳምንት ከምንሰጣቸው 8 ዶላር ላይ ነው። ትልቋ ጸሐፊ ናት። ስማችንን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ፣ ጠቅልላ ሲኒ ውስጥ ትከታለች።

የመጀመሪያው ዕጣ ለትንሹ ወጣ። 25 ዶላሩን በማግስቱ ጨረሰው። በሚቀጥለው እሁድ «ብሩ አልቋል እኮ፣ አሁንም ልክፈል?» አለ። እህቱ ደብተሩን ገልጣ ገና አራት እሁድ እንደሚቀረው በጣቷ አሳየችው። ዕዳ ማለት ምን እንደሆነ እኔ ዓመት ሙሉ ብመክረው እንደዚያ አይገባውም ነበር። እሷ ደግሞ መጨረሻ ደረሳት፤ ለሷ ያው ዕቁብ ቁጠባ ሆነላት። አደራ፣ ልጁ ሲያጥረው እናንተ አትክፈሉለት። ያኔ ነገሩ ሁሉ ጨዋታ ይሆናል።

አገር ቤት የምንልከውንም አትደብቋቸው። እኔ ለእናቴ ገንዘብ ስልክላት ልጆቹን አጠገቤ አስቀምጣለሁ። የመላኪያውን ክፍያና የዕለቱን ምንዛሪ እነሱ ያነቡልኛል። አያታቸው ደውለው «ደርሶኛል፣ መድኃኒቴን ገዛሁበት» ሲሉ በጆሯቸው ይሰማሉ። ከዚያ በኋላ ትልቋ አዲስ ጫማ ስትጠይቅ እንኳ «አያቴ ከተላከላቸው በኋላ» ትላለች።

ስለ ክሬዲት ካርድ ለጠየቅሽው፦ እዚህ አሜሪካ ከ2009ኙ ሕግ ወዲህ ከ21 ዓመት በታች ያለ ሰው የራሱ ገቢ ወይም አብሮት የሚፈርም ሰው ከሌለው በስሙ ካርድ አይወጣለትም። ትንሽ ጊዜ አለሽ፤ በዚያ ጊዜ ዕዳን በ5 ዶላር ይወቀው።

ለመጀመሪያው ዙር 1 ዶላርም ይበቃል። ደብተሩን እንዴት እንዳሰመረችው ማየት ከፈለግሽ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ።