ተሸናፊው ይክፈል? ስለ ጌም ቤትና ስለ ሶላት የጎጃም ሙስሊሞች ክርክር

አባት፣ ከደብረ ማርቆስ፦
አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። ጉዳዩን ለክርክር ያቀረብሁት እኔ ነኝና አቋሜን ሳልሸፍን ልናገር። ጌም መጫወት በራሱ ሐራም ነው ብዬ አላምንም። ልጆቻችን የሚጫወቱበት መንገድ ግን ሐራም ገብቶበታል፤ የገባውም ብዙዎቻችን በማንጠረጥረው በር ነው። ስለ ተኩሱና ስለ ሴቶቹ ምስል አለባበስ ስንጨቃጨቅ፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ የሚሆነውን ዘንግተነዋል።

በከተማችን ጌም ቤት የገባ ሰው የሚያየው ይህን ነው። ሁለት ልጆች ላስቲኩ ያለቀ ጆይስቲክ በፕላስተር ጠቅልለው እግር ኳስ ይጫወታሉ። ከኋላቸው አራት አምስት ልጆች ተራ ይጠብቃሉ። ጨዋታው ሲያልቅ ያሸነፈው ከቦታው አይነሳም። የተሸነፈው የሁለቱንም ሒሳብ ከፍሎ ይነሳል፤ ተረኛው ይተካል። ጎበዙ ልጅ አንዲት ሳንቲም ሳያወጣ ይውላል፤ ደካማው ለዳቦ የተሰጠውን ገንዘብ እዚያው አራግፎ ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህ ቁማር ካልሆነ ቁማር የሚባለው ምንድን ነው? ሱረቱል ማኢዳ 90ኛው አንቀጽ ላይ አላህ ቁማርን ከአስካሪ መጠጥና ከጣዖት ጋር አስተካክሎ ጠርቶ ራቁት ብሎናል።

የጌም ቤት ባለቤት፣ ከፍኖተ ሰላም፦
ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። እኔም ሙስሊም ነኝ፤ ልጆቼንም የማሳድገው በዚህ ሥራ ነው። የማስከፍለው የዕቃ ኪራይ ነው። ቴሌቪዥኑም፣ ማጫወቻውም፣ የመብራት ሒሳቡም የእኔ ነው። ማንም ያሸንፍ ማን፣ ለእኔ የሚገባው ያው ነው። አሸናፊውም ቢሆን እጁ ላይ የሚወድቅ ብር የለም። ጓደኛሞች ሻይ ጠጥተው «ዛሬ አንተ ክፈል» እንደሚባባሉት ነው፤ ይህን ከአስካሪ መጠጥ ጋር መደመር ከበደኝ።

ደግሞ ሌላውንም እዩልኝ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ፣ ብዙ ትምህርት ቤቶችም ተዘግተው ሳለ ልጆች የት ይዋሉ? ማጫወቻው ኢንተርኔት አይፈልግም። ቤቴ ውስጥ ሲጋራ አይጨስም፣ ጫት አይቃምም። ወላጅ ልጁን ሲፈልግ የት እንደሚያገኘው ያውቅ ነበር።

ተማሪ፣ ከባሕር ዳር፦
እኔ የምፈራው ክርክሩ ዞሮ ዞሮ «ጌም የሸይጧን ሥራ ነው» ወደሚለው የድሮ ንግግር እንዳይመለስ ነው። በነገሮች ላይ መሠረቱ መፈቀድ ነው፤ ክልከላ ማስረጃ ይፈልጋል። እኛ ሐበሾች ደግሞ በዚህ ጉዳይ የራሳችን ታሪክ አለን። በዒድ ቀን ሐበሾች በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ በጦር ሲጫወቱ ረሱል ባለቤታቸውን እናታችንን ዓኢሻን (ረ.ዐ) ከኋላቸው አቁመው፣ ራሷ እስክትጠግብ ድረስ አሳይተዋታል። ዑመር (ረ.ዐ) ጠጠር አንስቶ ሊወረውርባቸው ሲል «ተዋቸው ዑመር» አሉት። የሐዲስ ሰብሳቢዎቹ ቡኻሪም ሙስሊምም ዘግበውታል። በመስጂድ ጨዋታ ከተፈቀደ፣ ቤት ውስጥ በጣት የሚጫወቱት ኳስ በምን ይከለከላል? ዓኢሻ ራሷ አሻንጉሊቶች ነበሯት።

እናትና ነርስ፣ ከባሕር ዳር፦
ልጄ፣ ሐዲሱን ስላነሳህልን አላህ ይውደድልህ። ግን የዒዱ ጨዋታ አልቆ ሰዎቹ ወደ ቤታቸው ሄደዋል። የእኔ ልጅ ጨዋታ አያልቅም። ጌም ቤት አልልከውም፤ በስልክ እቤቱ ነው የሚጫወተው። አስርን (የከሰዓቱን ሶላት) ሲሰግድ ሩኩዕ ላይ ሆኖ ዓይኑ አልጋው ላይ ወዳስቀመጠው ስልክ ይሄዳል፤ ስልኩ ብልጭ ሲል ሱጁዱን ያሳጥራል። ሶላት አልተወም፤ ሶላቱ ግን ውስጡ ባዶ ሆኗል። ይህን በየትኛው ሚዛን ትመዝኑልኛላችሁ?

በሙያዬም አንድ ነገር ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀውና በ2022 ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የጌም ሱስ እንደ ሕመም ተመዝግቧል። መለኪያው ስንት ሰዓት ተጫወተ አይደለም። ራሱን መግታት አለመቻሉ፣ ጨዋታውን ከሌላው ሕይወቱ ማስቀደሙ፣ ጉዳቱን እያየ መቀጠሉ ነው፤ ይህም ብዙውን ጊዜ ዓመት ያህል ሲዘልቅ። ስለዚህ የሚጫወት ልጅ ሁሉ ታሟል አልልም። ነገር ግን ሴቶች ልጆቻችንም በየቤቱ በስልክ እንደሚጫወቱ ማንም አላነሳም፤ ጌም ቤት ስለማይታዩ የሌሉ መስሏችኋል።

ኡስታዝ፣ ከቡሬ፦
ወንድሞቼ፣ እህቴ፣ በየተራ ልሂድ።

የጌም ቤቱ ወንድሜ ስለ ሻይ ያነሳኸው መልስ የሚገባው ክርክር ነው። ሻይ ጠጥተን ስናበቃ አንዱ ልክፈል ቢል ስጦታ ነው፤ ደግነት ነው። ቁማር የሚሆነው ሁለት ነገር ሲገናኝ ነው፦ ሁለቱም ወገን ገንዘባቸውን አደጋ ላይ ሲጥሉ፣ ማን እንደሚያጣም በውጤቱ ላይ ሲንጠለጠል። ሁለቱ ልጆች ሲቀመጡ እያንዳንዳቸው «ወይ በነጻ እጫወታለሁ ወይ ለሁለት እከፍላለሁ» ብለው ነው። አሸናፊው ብር በእጁ አልያዘም ትላለህ፤ የነበረበት ዕዳ ግን በሌላው ኪስ ተከፍሎለታል። መክፈል የነበረብህን ሌላ ሰው በመሸነፉ ምክንያት ሲከፍልልህ ጥቅም አግኝተሃል። ስለዚህ አባት ያሉት ትክክል ነው፤ የገንዘቡ ማነስ ፍርዱን አይለውጠውም። አንተ ውርርዱን አላቋቋምህም፤ ነገር ግን ሒሳቡን በዚህ መንገድ እያወቅህ ስትቀበል በጥፋት ላይ መተባበር እንዳይሆንብህ እፈራልሃለሁ።

ተማሪው ያነሳው ሐዲስ ሰሒሕ (ትክክለኛ) ነው። ግን ስለ ጨዋታ የመጣው እሱ ብቻ አይደለም። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ነርድ ሺር በተባለው የዳይስ ጨዋታ የተጫወተን ሰው እጁን በአሳማ ሥጋና ደም እንደነከረ አድርገው ገልጸውታል። ዑለሞችም በዚህ ላይ ተመሥርተው ጨዋታዎችን መርምረዋል። ቼዝን ብዙዎቹ ከለከሉ፤ የሻፊዒ መዝሀብ (የሕግ ትምህርት መንገድ) ሊቃውንት ገንዘብ ካልተያዘበትና ሶላት ካላሳለፈ መክሩህ፣ ማለትም የተጠላ እንጂ ሐራም ያልሆነ፣ ነው አሉ። የእነሱ መለያ ለዛሬውም ይጠቅማል፦ በስሌትና በማሰብ ላይ የቆመው ጨዋታ ቀለል ይላል፤ በዕድልና በግምት ላይ የቆመው ይከለከላል።

ለእህቴ ደግሞ፦ አስርን ያሳለፈ ሰው ቤተሰቡንና ንብረቱን እንዳጣ ሰው ነው የሚለው ሐዲስ ቡኻሪና ሙስሊም ላይ አለ። ልጅሽ ግን አስርን አላሳለፈም። ሐሳቡ የሚበተንን ሰጋጅ ሶላትህ ባዶ ነው አትበይው፤ ተስፋ ይቆርጥና ይተወዋል። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጪው።

መምህር፣ ከቢቸና፦
ሙስሊም ባልሆንም ጉዳዩ የእኔም ተማሪዎች ስለሆነ ልግባ። ኡስታዝ ያሉት በስሌት ላይ የቆመ ጨዋታ እዚሁ አለን፤ ገበጣ። እረኞች መሬት ቆፍረው በጠጠር ሲጫወቱ አድገናል፤ የተሸነፈ ይሸነፋል እንጂ የሚከፍለው የለም። በእኔ ክፍል ያሉ ልጆች ግን ከጌም ቤቱ ጎን የስፖርት ውርርድ ቤት ተከፍቶላቸው ከአንዱ ወደ አንዱ ይሻገራሉ። «ተሸናፊ ይከፍላል» እያለ ያደገ ልጅ የውርርድ ቲኬት መግዛት አዲስ ነገር አይሆንበትም። በእኛም ቤተ ክርስቲያን ያሉ ወላጆች ይህንኑ ያለቅሳሉ።

ተማሪ፣ ከባሕር ዳር፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልን። ኡስታዝ፣ የተሸናፊውን ነገር ተቀብያለሁ፤ እንደዚያ ተተንትኖ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሁለት ጥያቄ ግን አለኝ። አንደኛ፣ ውድድር ብናዘጋጅና ለአሸናፊው ሽልማት ብንሰጥስ? እ.ኤ.አ. በ2024 በሪያድ የዓለም የኤሌክትሮኒክ ስፖርት ዋንጫ ተካሂዷል፤ ሳውዲ የሁለቱ ሐረሞች (የመካና የመዲና ቅዱስ መስጂዶች) አገር ናት። ሁለተኛ፣ በእግር ኳስ ጌሙ ውስጥ በእውነተኛ ገንዘብ የሚገዛ ጥቅል አለ፤ ከፍቶ እስኪያየው ድረስ የትኛው ተጫዋች እንደሚወጣለት ገዢው አያውቅም። እሱስ?

ኡስታዝ፣ ከቡሬ፦
ከሁለተኛው ልጀምር፤ ቀላል ስለሆነ። ገንዘብ ከፍለህ ምን እንደሚደርስህ የማታውቅ ከሆነ ዕድል ገዝተሃል። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2018 እነዚህን ጥቅሎች በራሷ ሕግ ቁማር ናቸው ብላለች፤ ሙስሊም አገር አይደለችም። እኛ ከእነሱ ልንላላ አይገባም።

በመጀመሪያው ላይ፣ ሪያድ መደረጉ ማስረጃ አይሆንም፤ ማስረጃችን ቁርኣንና ሱና ነው። አቡ ዳዉድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ የውድድር ገንዘብ በግመል፣ በፈረስና በቀስት ካልሆነ በቀር የለም ተብሏል። ምክንያቱ ለጂሃድ መዘጋጃ ስለሆኑ ነው። እንጅባራ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞችን ያየ ሰው የፈረስ ግልቢያ ምን ያህል ድፍረትና ልምምድ እንደሚጠይቅ ያውቃል። የጣት ኳስ ከዚያ ጋር አይደመርም። ስለዚህ ተወዳዳሪዎቹ መመዝገቢያ አዋጥተው አሸናፊው ጠቅልሎ የሚወስደው ውድድር ያው ቁማር ነው። ከውጭ የሆነ ሰው፣ ነጋዴም ይሁን የሰፈር ሽማግሌ፣ ከራሱ ኪስ ሽልማት ቢሰጥ ግን የሚከስር ተጫዋች ስለሌለ ብዙ የዘመናችን ዑለሞች ፈቅደውታል። ጠበቅ የሚያደርጉም አሉ፤ ልዩነቱን አልደብቅህም።

የጌም ቤት ባለቤት፣ ከፍኖተ ሰላም፦
ኡስታዝ፣ ከልቤ ሰምቼዎታለሁ። የንግዱን ነገር ግን ልንገርዎ። እኔ ብቻዬን «ተካፍላችሁ ክፈሉ» ብል ልጆቹ ጥግ ላይ ወዳለው ቤት ይሻገራሉ። እሺ፣ ሁሉም ሳይጀምር የየራሱን ይክፈል ብዬ በሩ ላይ ልለጥፍ። ከፍለው ከተጫወቱ በኋላ ውጭ ወጥተው «አሸንፌሃለሁና ገንዘቤን መልስ» ቢባባሉስ? እሱንም እኔ ልጠብቅ?

ኡስታዝ፣ ከቡሬ፦
ከደጅህ ውጭ የተደረገውን ካላወቅህ አትጠየቅበትም። እንደሚያደርጉት ካወቅህ ምከራቸው። ከቅድሚያ ክፍያው ሌላም ጥቅም ታገኛለህ፦ በጨዋታ መቁጠርህን ትተህ በሰዓት አከራይ። አሁን ልጁ እስኪሸነፍ ድረስ አይነሳም፤ መነሻ ሰዓት የለውም። ግማሽ ሰዓት ከፍሎ የገባ ልጅ መቼ እንደሚወጣ ያውቃል፤ እናቱም ታውቃለች።

አባት፣ ከደብረ ማርቆስ፦
በሰዓት ማከራየቱ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን እዚያ ላይ አልቆምም። ትምህርት ቤት የሚለቀቀውና አስር የሚገባው በተቀራራቢ ሰዓት ነው። ልጁ ደብተሩን እንደያዘ ጌም ቤት ይገባል፤ አዛን ሲባል ባለቤቱ ድምፁን ይቀንስና ጨዋታው ይቀጥላል። ልጁም «ይህችን ጨርሼ» ይላል። ማጫወቻው እኮ የማቆሚያ ቁልፍ አለው! ወንድሜ፣ ሙስሊም ከሆንህ ከአዛን እስከ ጀማዓ (የጋራው ሶላት) ማብቂያ በርህን ዝጋ። ለጁምዓ ትዘጋለህ አይደል?

የጌም ቤት ባለቤት፣ ከፍኖተ ሰላም፦
ለጁምዓ እዘጋለሁ፤ ግዴታዬ ነው። የቅድሚያ ክፍያውንና የሰዓቱን ነገር ከነገ ጀምሬ አደርገዋለሁ፤ ይህን በአላህ ፊት እላለሁ። አስር ላይ መዝጋቱን ግን ቃል አልገባም። የአስር ወቅት እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ የሚዘልቅ ነው፤ ሰግዶ መምጣትም ሄዶ መስገድም ይቻላል። ከደንበኞቼም ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ናቸው፤ የሚለቀቁበት ሰዓት የእኔ ዋና ገበያ ነው። ሙስሊሙን ልጅ አዛን ሲል «ተነስ፣ ሰዓትህ ይጠብቅሃል፣ ስትመለስ ትቀጥላለህ» እለዋለሁ። ከዚያ በላይ አቅሜ አይደለም።

እናትና ነርስ፣ ከባሕር ዳር፦
እኔ ይህ ይበቃኛል። ሰዓቱ ተይዞለት ሰግዶ የሚመለስበት ቤት ካለ፣ ልጄን ከስልኩ አላቅቄ ከጓደኞቹ ጋር እልከው ነበር።

አባት፣ ከደብረ ማርቆስ፦
እኔን አይበቃኝም፤ እህቴ፣ አታዝኚብኝ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ጓደኞቹ እየተጫወቱ ብቻውን ተነስቶ መስጂድ ይሄዳል ማለት ከልጁ ብዙ መጠበቅ ነው። ባለቤቱ የቆመውን ክርስቲያን ደንበኛ ያስቀምጥ፣ ግድ የለም፤ ሙስሊም ልጆችን ግን አንድ ላይ ያስነሳቸው፣ እሱም አብሯቸው ይሂድ። የሚረዳ ሠራተኛ እንዳለው አውቃለሁ። ቤቱ ለሩብ ሰዓት በሠራተኛው እጅ ቢቆይ ምን ይጎድልበታል? መልሱን ከእሱ ከራሱ እጠብቃለሁ።