የደም ካንሰር ያለበት ሠራተኛ ሕመሙን ለአሠሪው እንዲናገር ሊገደድ ይገባልን?

አወያይ፦ ለክርክር የቀረበው ጥያቄ፣ የደም ካንሰር የተገኘበት ሠራተኛ ሥራውን መቀጠል ከፈለገ ሕመሙን ለአሠሪው የማሳወቅ ሕጋዊ ግዴታ ሊጣልበት ይገባል ወይስ መናገር አለመናገሩ ለራሱ ምርጫ ሊተው ይገባል የሚል ነው። የሰውም ሆነ የመሥሪያ ቤት ስም እንዳይነሳ አደራ እላለሁ።

የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ፦ ግዴታው ሊኖር ይገባል ከሚሉት ወገን ነኝ። አሠሪ የማያውቀውን ችግር ሊያቃልል አይችልም። ሠራተኛው ደጋግሞ ሲቀር፣ ሥራው ሲጓተት፣ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ሲያቀረቅር ያየ አለቃ ምክንያቱን ካላወቀ ነገሩን በስንፍና ይተረጉመዋል፤ ከዚያም ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፣ ሲደጋገምም ያሰናብታል። በእጄ ካለፉት የዲሲፕሊን ጉዳዮች መካከል እውነቱ ከስንብት በኋላ የተገለጠበት አለ። ቀድሞ ቢነገረን ኖሮ የሌሊቱን ፈረቃ ማንሳት አያቅተንም ነበር።

ታማሚ፦ የተናገሩት ቅን አሠሪ ላለው ሰው ይሠራል። እኔ ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኪሚያ የተባለው፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ የደም ካንሰር አለብኝ። ኢማቲኒብ የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ከተፈቀደ ወዲህ ይህ ሕመም ለብዙዎቻችን በየቀኑ በሚዋጥ እንክብል የሚያዝ ሆኗል። ማቅለሽለሹ፣ የጡንቻ መኮማተሩና እንቅልፍ የማይፈታው ድካም አለ፤ ሥራዬን ግን እሠራለሁ። በቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ሕመሜን ተናግሬ ነበር። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ብቻ ሥልጠና ሲመጣ «አንቺ እረፊ» ተባልኩ፣ ከባድ ኃላፊነት ሲመጣ ለሌላ ተሰጠ፣ የደረጃ ዕድገት ሲታሰብም ስሜ አልተነሳም። እንዲህ ያለውን አዘኔታ በየትኛው ፍርድ ቤት ልከሰው?

የካንሰር ክፍል ነርስ፦ ሁለታችሁም ስለ አንድ ሕመም የምትናገሩ ትመስላላችሁ፤ የደም ካንሰር ግን ብዙ ነው። አጣዳፊ ሉኪሚያ የያዘው ሰው ለሳምንታት ሆስፒታል ስለሚተኛ ልደብቅ ቢልም አይችልም። የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ የተደረገለትም ወደ ሥራ ለመመለስ ብዙ ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። በሌላ በኩል ሥር የሰደደ ሊምፎሳይቲክ ሉኪሚያ ያለባቸው ብዙ ሰዎች መድኃኒት ሳይጀምሩ በክትትል ብቻ ዓመታት ይኖራሉ። እነዚህን ምን ተናገሩ እንላቸዋለን? ማይሎማ የተባለው የአጥንት መቅኔ ካንሰር አጥንትን ስለሚያሳሳ ከባድ ዕቃ ማንሳት አደገኛ ይሆናል፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት የወረደበት ሰው ስለታም መሣሪያ ይዞ መሥራት የለበትም። በኬሞቴራፒ ምክንያት ኒውትሮፊል የተባሉት ተሕዋስያንን የሚዋጉ ነጭ የደም ሴሎች በማይክሮሊትር ከ500 በታች ሲወርዱ ደግሞ 38 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳት ድንገተኛ ሕክምና የሚሻ ነው፤ እንዲህ ያለው ሰው ጉንፋን በያዛቸው ባልደረቦች መካከል ተጨናንቆ መዋል አይገባውም። ስለዚህ መነገር ያለበት የሕመሙ ስም ሳይሆን የማይቻለው ሥራ ነው ባይ ነኝ።

የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ፦ ሾፌሩስ? ደም አንሶት እያዞረው ሰው የሚያጓጉዝ ሰው ምርጫው የግሉ ነው ልንል ነው?

ነርስ፦ አንልም። ሌላውን ሰው ለአደጋ በሚያጋልጥ ሥራ ላይ ግዴታውን እቀበላለሁ። ነገር ግን ይህ የሚያዞረውን ሾፌር ሁሉ የሚመለከት ነው፤ ካንሰር ያለበትን ብቻ ለይቶ ማስገደድ ምክንያት የለውም።

የሕግ ባለሙያ፦ የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው 158ኛ ስምምነት በሕመም ምክንያት ለጊዜው ከሥራ መቅረት በራሱ ለስንብት በቂ ምክንያት አይሆንም ይላል፤ የሚያስገድደው ግን ያጸደቁትን አገሮች ብቻ ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. የ2010ሩ የእኩልነት ሕግ ካንሰር የተገኘበትን ሰው ከዚያው ቀን ጀምሮ የአካል ጉዳተኛ ጥበቃ ይሰጠዋል። ሠራተኛው እንዲናገር አያስገድድም፤ ሆኖም ያላወቀና ሊያውቅም የማይችል አሠሪ የሥራ ሁኔታ ማስተካከያ ባለማድረጉ አይጠየቅም። እህታችን ዝም የማለት መብት ቢኖራትም፣ ዝም ባለች ቁጥር የምታጣው ጥበቃ እንዳለ ልታውቅ ይገባል።

የአነስተኛ ድርጅት ባለቤት፦ ስለ እኛም ይታሰብ። ጥቂት ሠራተኞች ባሉበት ቤት አንዱ ለወራት ሲቀር ሸክሙ በቀሪዎቹ ላይ ይወድቃል። የደመወዙን ወጪ የማኅበራዊ ዋስትና ፈንድ የሚጋራ ከሆነ ግዴታው ባይኖርም አልከፋም። ካልሆነ ግን ቀድሜ ማወቅ እፈልጋለሁ።

የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ፦ የሕመሙ ስም ይቅር ከተባለ እስማማለሁ። ነገር ግን ሐኪሙ «ሌሊት አይሠራ፣ ከባድ አያንሳ» ብሎ የሚጽፈው ማስረጃ ለእኔ መቅረቡ ግድ ነው።

ታማሚ፦ ማስረጃው ይቅረብ፤ ግን በማን ማኅተም? እኔ የምታከመው በካንሰር ክፍል ነው። ወረቀቱ ላይ ስለ ሕመሜ አንድም ቃል ባይጻፍ እንኳ ከላይ የታተመው የክፍሉ ስም ሁሉንም ይናገራል። የሥራ ጤና ሐኪም ያለበት ድርጅት ወረቀቱን እሱ ዘንድ አስቀምጦ ለአለቃው የሥራ ገደቡን ብቻ ሊያስተላልፍ ይችላል። እንዲህ ያለ ሐኪም በሌለበት መሥሪያ ቤት ግን ማስረጃውን ማን እንደሚያነበው አስቀድመው ይንገሩኝና እኔም እስማማለሁ።