የኤስኤስ መኮንን የአንገትጌ ምልክት ይሸጥ ወይስ አይሸጥ?

ከፍራንክፈርት፦
ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ጀርመን አሮጌ ዕቃ ገበያ ወጥቼ ነበር። የቡና ስኒ ፍለጋ ነው የወጣሁት። አንዱ ጠረጴዛ ላይ ከአሮጌ ቁልፍና ከሳንቲም መሃል ሁለት ጥቁር ቁራጭ ጨርቅ አየሁ። አንደኛው ላይ አራት የብር ቀለም ኮከብና አንዲት ቀጭን መስመር አለ። ሁለተኛው ላይ ወረቀት ተለጥፎበታል። ሻጩን ለምን እንደሸፈነው ጠየቅሁት። "ሕጉ በአደባባይ አይታይ ስለሚል ነው፤ ከገዛሽው ቤትሽ ታነሺዋለሽ" አለኝ። ቤቴ ገብቼ ሳነብ የኤስኤስ፣ ማለትም የናዚ ፓርቲ የታጠቀ ጭፍራ፣ መኮንን የአንገትጌ ምልክት ነው። በወረቀቱ የተሸፈነው መብረቅ የሚመስለው ድርብ "ኤስ" መሆን አለበት። ማዕረጉ ኦበርሽቱርምባንፉረር ይባላል። ከዚያ ወዲህ ሆዴ አልረጋም። እንዲህ ያለ ነገር መሸጥ አለበት? ወይስ ጭራሹን በሕግ ይከልከል?

ከዋሽንግተን ዲሲ፦
እህቴ፣ ስሜትሽ ይገባኛል። እኔ ግን ለዓመታት የጦርነት ዕቃ ስሰበስብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ክልከላውን አልደግፍም። ሁሉንም ሰብሳቢ የናዚ ወዳጅ አድርጎ ማየት ልክ አይደለም። አንድ ምልክት እጄ ሲገባ መጀመሪያ ጨለማ ክፍል ውስጥ አልትራቫዮሌት መብራት አበራበታለሁ። ክሩ ካበራ አብዛኛውን ጊዜ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ ነው፣ ውሸት ነው ማለት ነው። ገበያው በውሸት የተሞላ ነው። እኛ ባንለይ ነገ ሙዚየሞችም ይታለላሉ።
ደግሞ ያንን ልብስ የለበሰ ሁሉ አንድ አይደለም። ኩርት ገርሽታይን የሚባል የኤስኤስ መኮንን ነበር። ማዕረጉ ኦበርሽቱርምፉረር፣ ሦስት ኮከብና አንድ መስመር። በ1942 እ.ኤ.አ. ቤልዜክ የሚባል የናዚ የሞት ካምፕ ላይ ሰው በጋዝ ሲፈጅ አየ። ከዚያ ከዋርሶ ወደ በርሊን በሚሄድ ባቡር ላይ ያገኘውን የስዊድን ዲፕሎማት ያየውን ሁሉ ነገረው፤ ለዓለም እንዲያሰማለት ለመነው። የእሱን አንገትጌና የገዳይን አንገትጌ ጨርቁ አይለይም። ታዲያ ጨርቅ ምን አጠፋ?

ከአዲስ አበባ፦
ጨርቅ ምን አጠፋ አልክ? የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እዚህ ከተማ ቤት ሲያቃጥልና ሰው ሲገድል የዋለውም ጥቁር ሸሚዝ ለባሽ ነበር። የእነሱ የአንገትጌ ምልክት መርካቶ ቢሸጥ ዝም ትላለህ?

ከዋሽንግተን ዲሲ፦
ወንድሜ፣ ዝም አልልም። ገዝቼ ሰማዕታቱ የሚታሰቡበት ቦታ እሰጠዋለሁ። ከተከለከለ ግን የሚገዛው በድብቅ ነው፤ የት እንደገባም አይታወቅም።

የታሪክ መምህር፣ ከባሕር ዳር፦
ስለ ማዕረጉ ትንሽ ልበል፤ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።
"ሽቱርምባን" እኛ ሻለቃ የምንለው የጦር ክፍል ነው። እኛ ሻለቃ ስንል ጦሩንም መኮንኑንም ነው፤ እነሱ "ፉረር" ማለትም መሪ ጨምረው ይለዩታል። ሽቱርምባንፉረር አራት ኮከብ ነበረው፤ መስመር የለውም። በ1933 የናዚ ፓርቲ ጭፍራ በአንዴ ሲያብጥ በሱና በበላዩ መሃል አንድ እርከን አስገቡ። "ኦበር"፣ የበላይ የሚል ቃል ጨመሩ፤ አራቱ ኮከብ ላይም አንዲት መስመር። በመደበኛው ጦር ሚዛን ሌተና ኮሎኔል ነው።
አሁን ያችን መስመር ተመልከቱ። ሩዶልፍ ሆስ የአውሽቪትስ የሞት ካምፕ አዛዥ ሳለ ሽቱርምባንፉረር ነበር። ሐምሌ 1942 የኤስኤስ የበላይ አለቃ ሂምለር ካምፑን ሊጎበኝ መጣ። ሁለት ቀን ቆየ። ከሆላንድ በባቡር የመጡ አይሁድ ሲለዩና በጋዝ ሲገደሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆሞ አየ። ከመሄዱ በፊት ሆስን ኦበርሽቱርምባንፉረር አደረገው። መስመሯ የመጣችው በዚህ ነው። የሥራ ዋጋ ነች፤ ሥራውም ያ ነበር። ሆስ በ1947 እዚያው አውሽቪትስ ተሰቀለ።
የኤስኤስን የደንብ ልብስ ማን ይሰፋው እንደነበርም እንወቅ። ራቨንስብሩክ የሴቶች ካምፕ ውስጥ ኤስኤስ የራሱ የስፌት ኩባንያ ነበረው። ሰፊዎቹ እስረኞች ነበሩ። ያሰሯቸውን ሰዎች ልብስ ነበር የሚሰፉት።
ስለ ገርሽታይን ያነሳኸው እውነት ነው። ግን መርዙን ለካምፖቹ ከሚያቀርቡት አንዱም እሱ ራሱ ነበር። ይህን ሁሉ የምናውቀው ከጨርቁ ሳይሆን ከሰውየው ታሪክ ነው። ገበያ ላይ ያለው ጨርቅ ደግሞ ስም የለውም። የማን እንደነበር ሳይነገር ሲሸጥ ጌጥ ይሆናል፤ እኔ የምቃወመው ይህን ነው። ትርፍ ተይዞበት መሸጡ ይከልከል፣ በሙዚየምና በምርምር ቦታ ግን ይኑር እላለሁ። የጀርመን ሕግ ምልክቱን በአደባባይ ማሳየትን እስከ 3 ዓመት እስር ያስቀጣል፤ ለትምህርትና ለምርምር ሲሆን ግን ይፈቅዳል። አውስትራሊያ ከጥር 2024 ጀምሮ የኤስኤስን ምልክት መነገድንም ከልክላለች። ስለዚህ የማይቻል ነገር አይደለም።

ከኢየሩሳሌም፦
መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አይሁድን ወደ ሞት ካምፖች የማጓጓዙን ሥራ የመራው አይሽማንም እኮ ይኸው ማዕረግ ነበረው። በ1961 እዚህ ከተማ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ቆሞ፣ ታዛዥ ነበርኩ፣ ከበላዬ ሰዎች ነበሩ እያለ ተከራከረ። በ1942 በርሊን ውስጥ ቫንዜ የሚባል ቦታ ላይ አይሁድን ስለማጥፋት ሲመክሩ፣ ከ15ቱ ተሰብሳቢዎች ዝቅተኛ ማዕረግ ካላቸው አንዱ ነበር። ቃለ ጉባኤውን ያዘጋጀው ግን እሱ፣ ባቡሮቹን ያሰናዳው የሱ ቢሮ። ዳኞቹ ማዕረጉን አይተው አላለፉትም።
እኔ ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። አንዲት እናት አሉ፣ አውሽቪትስ የገቡ። ገላቸውን ሳጥብ ግራ ክንዳቸው ላይ ቁጥሩ አለ፤ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ ሄዷል። ሳሙናውን እዚያ ቦታ ላይ ቀስ አድርጌ ነው የማሳልፈው። የእሳቸው ምልክት አይነሳም። የገዳዮቹ ምልክት ግን ከስኒ ጋር ገበያ ወጥቶ ዋጋ ይቆረጥለታል። ይህ አይዋጥልኝም። በጭራሽ አይሸጥ።

ከዋሽንግተን ዲሲ፦
እህቴ፣ ይህን ካነበብኩ በኋላ ብዙ ቆየሁ። ስለ ሕጉ ሐሳቤን አልለወጥኩም፤ ክልከላ ነገሩን ወደ ጓዳ ይገፋዋል ብዬ አምናለሁ። ግን እኔም ጋ አራት ኮከብና አንድ መስመር ያለው አለ። የማን እንደነበር ጠይቄ አላውቅም። ክሩን ነው የመረመርኩት። መምህር፣ እንዲህ ያለውን የመታሰቢያ ሙዚየም ይቀበላል?

የታሪክ መምህር፣ ከባሕር ዳር፦
ጠይቃቸው፤ መልሱ የእነሱ ነው። ስትጽፍ ግን ከማን፣ መቼና የት እንደገዛኸው፣ ስንት እንደከፈልክም ጨምር። የለባሹን ስም የማታውቅ ከሆነም እንደማታውቅ ጻፍ።

ከፍራንክፈርት፦
እኔም ቅዳሜ ተመልሼ እሄዳለሁ። ሻጩን ከየት እንዳገኘው እጠይቀዋለሁ። የሚለኝን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።