ከፈረስ ጋር መሥራት እፈልጋለሁ፤ ሐኪም ወይም ጋላቢ ከመሆን ሌላ ምን አለ?

ጥያቄ፦ ሶምሶማ
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን እየጨረስኩ ነው። ከፈረስ ጋር የሚያውል ሥራ ነው የምፈልገው። ቤተሰቦቼ «እንግዲያው የእንስሳት ሐኪም ሁኚ» ይላሉ፤ እኔ ግን ደም ሳይ ጉልበቴ ይከዳኛል። ለውድድር ልጋልብ ብል ደግሞ ክብደቴ አይፈቅድም። መጋለብ፣ መመገብና ማበጠር ለምጃለሁ። እንጀራ የሚሆነኝ ምን አለ?

መልስ፦ ባልደራስ
እህቴ፣ ከፈረስ ጋር ከሚሠራው ሰው አብዛኛው ኮርቻ ላይ አይወጣም። መግቢያው በር የጋጣ ሠራተኝነት ነው፦ ፋንድያ መጥረግ፣ ጉዝጓዝ መለወጥ፣ ድርቆሽ መስጠት፣ ውሃ ማጠጣት። አንድ ትልቅ ፈረስ በቀን 25 ሊትርና ከዚያም በላይ ይጠጣል፤ ባልዲውን የምትሸከሚው አንቺ ነሽ። ክፍያው ትንሽ ነው፤ በዓልም የለውም። ግን የፈረስን ጠባይ የምትማሪው እዚያ ነው። ፈረስ ማስታወክ ስለማይችል ሆዱን ሲቆርጠው ነገሩ ዋዛ አይደለም። ዞር እያለ ጎኑን ሲያይ፣ መሬት ሲጭር ቶሎ ገብቷት ሐኪም የምትጠራ ሠራተኛ በየትም ትፈለጋለች። የጋጣ ኃላፊዎችና አሠልጣኞችም ብዙዎቹ ከዚሁ የተነሡ ናቸው።

መልስ፦ መዶሻ
ባልደራስ ልክ ነው፤ ገንዘቡን ከጠየቅሽ ግን ወደ ሰኮናው ጎንበስ በይ፤ ለፈረስ የብረት ጫማ መምታት ማለቴ ነው። ሰኮና በወር እስከ 1 ሴንቲሜትር ገደማ ያድጋል። ስለዚህ ብረት ጫማ ያለው ፈረስ በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ሰኮናው ተከርክሞ ጫማው እንደገና መመታት አለበት። ደንበኛሽ ከወደደሽ ዓመቱን ሙሉ ይመላለሳል። ምስማሩ ስሜት በሌለው የሰኮና ግድግዳ ውስጥ ብቻ ነው ማለፍ ያለበት፤ ትንሽ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ፈረሱ ያነክሳል። ለዚህ ነው ዓመታት በባለሙያ ሥር መማር የሚያስፈልገው። በብሪታንያማ በ1975 እ.ኤ.አ. ከወጣው ሕግ ወዲህ ሳይመዘገቡ ጫማ መምታት ክልክል ነው። ክፉው ነገር ወገብ ነው፦ 500 ኪሎ የሚመዝን እንስሳ እግሩን ጭንሽ መሃል አስይዞ ሊደገፍሽ ይቃጣዋል! «ሴት አትችለውም» የሚሉሽን ግን አትስሚ፤ ከጉልበት ይልቅ አቋቋም ነው።

ሶምሶማ
መዶሻ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ይሄ ልቤን ገዛው። ደም አይበዛውም አይደል?

መዶሻ
አልፎ አልፎ የመገለ ሰኮና ታያለሽ እንጂ እንደ ቀዶ ጥገና አይደለም።

መልስ፦ ባዝራ
ከደም የምትሸሺ ከሆነ እርባታ ይቅርብሽ። ባዝራ 11 ወር ገደማ አርግዛ የምትወልደው በብዛት ሌሊት ነው፤ ሰሞኑን ሁሉ እንቅልፍ የለም።

መልስ፦ ልጓም
ኮርቻ መሥራትና በየፈረሱ ጀርባ ልክ ማስተካከልም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የማይገጥም ኮርቻ ጀርባውን ከመላጡም በላይ በቦታው ነጭ ፀጉር ያበቅልበታል። የግልቢያ አስተማሪነትም አለ፤ ግን እዚያ ቀኑን ሙሉ የምትታገሺው ፈረሱን ሳይሆን ሰውን ነው። ለሕሙማን በፈረስ የሚሰጥ ሕክምናም አለ፤ የፈረስ እርምጃ የጋላቢውን ዳሌ ሰው ሲራመድ እንደሚያደርገው ያንቀሳቅሳል። ለዚያ ግን መጀመሪያ እንደ ፊዚዮቴራፒ (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና) ያለ የጤና ሙያ መያዝ ይጠይቃል።

መዶሻ
ሶምሶማ፣ ለትምህርት ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ጫማ የሚመታ ሰው ፈልጊና አንድ ቀን ሙሉ አብረሽው ዋይ። ጣቱ ላይ ብረት ያለው ቦት ጫማ አድርጊ። በማግስቱ ወገብሽ ምን እንዳለሽ ጻፊልን።