ሬጌም ብሠራ ቴክኖም ብሠራ ያው አንድ ዘፈን ይወጣኛል

ግራ እጅ፦ ሰላም ናችሁ? ወንድማችሁን እርዱት። ድርሰት ለመማር ብዬ የማይገናኙ ስልቶችን እያስመሰልኩ መሥራት ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። አንድ ሳምንት ሬጌ፣ በሚቀጥለው ቴክኖ። ግን የሬጌውን ኦርጋን አውጥቼ ሲንተሳይዘር ሳስገባበት ቴክኖዬ ይሆናል! ሁለቱም ላይ ያችው የኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ተርታ፦ ሲ፣ ጂ፣ ኤ ማይነር፣ ኤፍ። እጄ ሳላዘው እዛው ይሄዳል። ምን እያጠፋሁ ነው?

ቤዝ ብቻ፦ የኮረጅከው ልብሱን ነው፣ አካሄዱን አይደለም። እስቲ ሬጌው ላይ ኪክህ (ወፍራሙ የእግር ከበሮ) ከአራቱ ምት የትኛው ላይ እንደሚያርፍ እየው። አንደኛው ምት ላይ ከሆነ ተያዝክ። ዋን ድሮፕ በሚባለው አመታት አንደኛው ምት ላይ ኪክ የለም። ኪክና ስኔር (ሰላ ያለ ድምፅ ያለው ከበሮ) አንድ ላይ ሦስተኛው ላይ ይወርዳሉ፣ ጊታሩ ሁለትና አራት ላይ ቸክ ይላል። ቴክኖ ደግሞ ኪኩ አራቱንም ምት ይመታል። ስለዚህ አንዱ የሚኖረው በክፍተቱ ነው፣ ሌላው በድግግሞሹ። ኮርዶቹን ለጊዜው ተዋቸው። በኤ ማይነር ብቻ ስምንት ደቂቃ የሚቆይ ቴክኖ ሥራ። ሰው እንዳይሰለች ምን መቼ እንደሚገባና እንደሚወጣ ማሰብ ግድ ይልሃል። ፊልተር (ድምፁን የሚያደበዝዘውንና የሚያጠራውን) ማዞርም ድርሰት መሆኑ ያኔ ይገባሃል።

ስምንተኛ ኖታ፦ እኔ ደግሞ ራቅ ያሉትን እላለሁ። የሙዚቃ ደራሲው ሾንበርግ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያመጣው ዘዴ 12ቱን ድምፆች በአንድ ተርታ ያሰልፋል፤ ተርታው ሳያልቅ ወደ ቀደመው ድምፅ መመለስ በመሠረቱ የለም። ሌላው ደራሲ ስቲቭ ራይክ በ1967 (እ.ኤ.አ.) ለሁለት ፒያኖ የጻፈው «ፒያኖ ፌዝ» ደግሞ ባለ 12 ኖታ ሐረግ ይነሳል፣ ግን ያለው የድምፅ ዓይነት አምስት ብቻ! ሁለቱ ተጫዋቾች ያንኑ ይደጋግማሉ፤ አንደኛው ቀስ እያለ ይፈጥንና በአንድ ኖታ ይቀድማል። ሁለቱንም ሞክራቸው፣ ያቺ ሲ-ጂህ መግቢያ ታጣለች። (የመጀመሪያው ሙከራዬ ድመት ኪቦርድ ላይ የሄደች ይመስል ነበር። አትደንግጥ።)

ግራ እጅ፦ ኪኩን አየሁት። አንደኛው ላይ ነው። 😅 ሳነሳው ዘፈኑ የሚወድቅ መስሎኝ ነበር፣ ጭራሽ መወዛወዝ ጀመረ። ቴክኖው ግን ሦስተኛው ደቂቃ ላይ እጄ ኤፍ ላይ አረፈ። ሰረዝኩት። የቀረውን አምስት ደቂቃ በሃይሃት (በጽናጽሉ) እና በፊልተር ብቻ መግፋት እንዲህ ይከብዳል እንዴ? ለማንኛውም ሬጌው ላይ ቤዙ አሁንም አንደኛውን ምት አልለቅም ብሏል። ምን ላርገው?

ቤዝ ብቻ፦ አንዳንዴ ይዝለለው። ሁልጊዜ አይደለም፣ አንዳንዴ።