ክርክር፦ ደብተሩ ይዘጋ?

የቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የነዋሪዎች ግሩፕ

ብሎክ 21 (የግሩፑ አስተዳዳሪ)፦ ሰላም ጎረቤቶች። ኮሚቴያችን ከመስከረም ጀምሮ የጥበቃና የጽዳት መዋጮ በመተግበሪያ ብቻ ይመዝገብ፣ ደብተሩ ይዘጋ ብሏል። መተግበሪያውን የሠራው የራሳችን ልጅ ነው። ምን ትላላችሁ? ስድብ የለም።

ብሎክ 6 (የሠራሁት እኔ ነኝ)፦ ደብተሩ ሁለቴ ጠፍቷል። ማን ከፈለ፣ ማን አልከፈለ እያልን ስንት ወር ተጨቃጨቅን? አሁን ሁሉም የራሱን ያያል። መጀመሪያ የሚቸገር ይኖራል፣ ይለምደዋል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሲጀመር ስንቶቻችን ፈራነው? ዛሬ ሱቅ ሂዱና እዩ።

ብሎክ 14፦ እማዬን አስመዘገብኳት እኮ። የተወለደችው ጳጉሜ 3 ነው። መተግበሪያው 12 ወር ብቻ ነው የሚያውቀው። ነሐሴ 30 ብለን አለፍን። ከዚያ "የቤተሰብ ስም" አለን። አንዴ የአባቷን፣ አንዴ የአያቷን ጻፍን። አሁን ሁለት እማዬ አለችኝ። ሁለቱም ዕዳ አለባቸው።

ብሎክ 3፦ ሃሃሃ ሁለቱም ይክፈሉ!

ብሎክ 6፦ ይቅርታ እህቴ፣ አስተካክለዋለሁ። ፎርሙን ከውጭ ከተሠራ ነገር ላይ ነው የወሰድኩት። ግን ሰውም ትንሽ ማንበብ አለበት። "አረጋግጥ" የሚለውን ሳይነኩ ወጥተው "ከፍያለሁ" የሚሉ አሉ።

ብሎክ 9 (ጡረተኛ መምህር)፦ ልጄ፣ እዚህ ላይ ልያዝህ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቢ-17 የሚባለው የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪዎች መሬት ካረፉ በኋላ ጎማውን ያጥፉት ነበር። አውሮፕላኑ በሆዱ ይተኛል። "የአብራሪ ስህተት" ተባለ። አልፎንስ ቻፓኒስ የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ገብቶ ሲያይ የጎማውና የፍላፑ (ከክንፉ ኋላ የሚታጠፈው ክፍል) ማንሻዎች ጎን ለጎን ናቸው፣ መልካቸውም አንድ ነው። በአንዱ ጫፍ ትንሽ ጎማ፣ በሌላው ሽብልቅ የሚመስል ነገር ይደረግ አለ። እጅ በዳሰሳ እንዲለየው። አብራሪውን ማንም አልቀየረውም። "አረጋግጥ"ህ የት ነው ያለችው? እኔ በመነጽርም አላገኘኋት።

ብሎክ 6፦ መምህር፣ ገብቶኛል። ግን አውሮፕላን ሌላ፣ የጥበቃ መዋጮ ሌላ። እዚህ የሚሞት የለም።

ብሎክ 9፦ የሚሞትስ የለም። "ያልከፈለ" ተብሎ ስሙ ደረጃው ላይ የሚለጠፍ ግን አለ።

ብሎክ 17 (የኮምፒውተር ተማሪ)፦ እኔ የምለው፣ ደብተሩ ሳይዘጋ በፊት እንፈትሸው። ተመራማሪዎቹ ጃኮብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጡት ስሌት መሠረት 5 ሰው ብቻ አስቀምጠህ ብታስሞክር ከችግሮቹ ወደ 85 በመቶ ታገኛለህ። ዘዴው ቀላል ነው። ሥራ ትሰጣቸዋለህ፣ የሚያስቡትን ጮክ ብለው ይናገራሉ፣ አንተ አጠገባቸው ቁጭ ብለህ ትጽፋለህ። "እዚህ ጋ ንኪው" ማለት የለም። ለሠሪው ከባዱ ይሄ ነው። እኔ የራሴን ሥራ ስፈትሽ እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ነበር።

ብሎክ 6፦ 5 ሰው? እኔም አንብቤያለሁ። ላውራ ፎክነር የምትባል ተመራማሪ በ2003 እ.ኤ.አ. ስታየው አንዳንዱ የ5 ሰው ቡድን ከችግሮቹ 55 በመቶውን ብቻ ነው ያገኘው። ሶል ግሪንበርግና ቢል ባክስተን የሚባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ በ2008 እ.ኤ.አ. ያለ ጊዜው የሚደረግ ፍተሻ አዲስ ሐሳብን ሊገድል ይችላል ብለዋል።

ብሎክ 17፦ አንብበሃል ግን ግማሹን። ፎክነር 10 ሰው ስታደርግ ዝቅተኛው 80 በመቶ ደረሰ። ስለዚህ ሰው ጨምር እንጂ ተወው አይደለም። እነ ግሪንበርግ የሚያወሩት ደግሞ ገና በእርሳስ ስለሚነደፍ ሐሳብ ነው። ያንተ ንድፍ አይደለም ወንድሜ፣ በመስከረም ደብተር ሊያዘጋ ነው!

ብሎክ 11፦ እኔ ስልኬ የቁልፍ ነው። ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው። እሱ ትምህርት ቤት ሲውል በምን ልክፈል?

(ለግማሽ ሰዓት ማንም አልጻፈም።)

ብሎክ 21፦ የእትዬ ጥያቄ መልስ ያስፈልገዋል። የኔ ሐሳብ፣ ደብተሩ እስከ ጥር ጎን ለጎን ይቆይ።

ብሎክ 3፦ ሁለቱ ሲጋጩስ ማን ያስታርቃል? ገንዘብ ያዡ ያበደ ዕለት አታስታርቁት። እኔ ደብተሩ ይዘጋ ባይ ነኝ።

ብሎክ 6፦ እስከ ጥር በሚለው አልስማማም። ግን ፍተሻው ይሁን። ቅዳሜ በ9 ሰዓት እኛ ብሎክ ሥር፣ 10 ሰው። እትዬም ይምጡ፣ የቁልፍ ስልኩንም እናያለን።

ብሎክ 14፦ 9 ሰዓት ከሰዓት ነው?

ብሎክ 6፦ ኧረ ጠዋት 3 ሰዓት! ስልኬ የፈረንጅ ነው የሚያሳየኝ።

ብሎክ 9፦ መተግበሪያህስ?

ብሎክ 6፦ ... እሱም።

ብሎክ 14፦ እማዬን ይዤ እመጣለሁ። ሁለቱንም።